ትንፋሼ ያስመጣብኝ ጣጣ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል። በሐኪሙ ብቻ ሳይሆን በራሴም ጭምር ነው የምናደደው።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ። እንደኔ ያለ ሾፌር በየጊዜው በሐኪም ታይቶ ለመንዳት ብቁ ነው የሚል ካርድ ማሳደስ አለበት። ካርድ ከሌለ ሥራ የለም።

ያን ዕለት ለማሳደስ ሄጄ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ይጠይቀኛል። «ደህና ትተኛለህ?» እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ፤ አዎ ማለቴ ነው። መልስ የሰጠሁት ስላልመሰለው ደገመልኝ። እኔም አልሰማኝም ብዬ ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ጥያቄው አለቀ።

በመጨረሻ «ትንፋሽ ያጥርሃል» አለኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«በጆሮዬ ሰማሁት እኮ» አለና የሳንባ ስፔሻሊስት ሳያየኝ ካርዱን እንደማይሰጠኝ ነገረኝ።

የስፔሻሊስቱ ወረፋ ስድስት ሳምንት ነበር። ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ተጎልቼ ቀረሁ። ባለቤቴ ጽጌ ካዚኖ ውስጥ ፈረቃ ደርባ ትሠራ ጀመር። የሚገርመው፣ ሐኪም ካለ እውነት ነው ብዬ እኔም ማለክለክ ጀመርኩ። ደረጃ ስወጣ አርፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ወጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ደርሶ ከጽጌ ጋር ሄድን፤ ስፔሻሊስቷ ቱቦ አስነፋችኝ። ሳንባዬ ምንም የለበትም። ግራ ገብቷት «አውቶቡስ ነው የምትነዳው?» አለችኝ። ሳብ አደረግሁ።

«ይኸው! አሁን ምን ሆንክ?» ብላ ደነገጠች።

ጽጌ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ዶክተር፣ የስ ማለቱ ነው! እኛ አገር የስ የምንለው እንዲህ ነው» ብላ ራሷ ሳብ አድርጋ አሳየቻት። ሁለቱ ሲስቁ እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ!

ካርዴ ተመለሰልኝ፤ ወደ መዘምራኑም ተመለስኩ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ሐኪም አልንቅም፤ ያጠናውን እኔ አላጠናሁም። የሚቆጨኝ ዕድሜዬን ሙሉ የተነፈስኩበትን ደረቴን ትቼ፣ ፊቴን እንኳ ያላየ ሰው ማመኔ ነው።

ዘንድሮ ለማሳደስ ስሄድ ያው ሐኪም ገጠመኝ። አሁንም ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ «የትንፋሽ ችግር አለብህ ተብለህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ንዴቴ ገንፍሎ «የስ!» ብዬ ጮህኩበት።

ያኔ ገና ቀና ብሎ አየኝ።