የነብሮን ድድ ሳላይ

ማሽላ ሲቀላ ከርከሮ ከገደሉ ይወጣል። ይህን ሐረር መጥቼ አልተማርኩትም፤ ቡሬ አጠገብ አባቴ ቤት ሳለሁም አውቀዋለሁ። እዚህ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። እናንተ ውሻ ይዛችሁ ግቢዬ የምትመጡ ልጆች «እትዬ አስካለ፣ ከነገ ጀምረን እናስሩጠው?» ስትሉኝ ለምን «ቆዩ» እንደምላችሁ ጠይቃችሁኛል። በቃል ሳወራው መሐሉን እየዘለልኩ ነው፤ ስጽፈው ግን መዝለል አልሆንልሽ አለኝ።

ሐረር የመጣሁት ለማስተማር ተመድቤ ነው። ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ጡረታም እዚሁ ወጣሁ። ካገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ከቤቱ አንድ ነገር ሳይለቅ ይቀራል፤ እኔ ያልለቀቅኩት ውሻ ነው። አባቴ የሰፈሩን አዝመራ ከከርከሮ የሚጠብቅ አዳኝ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ውሾቹን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማሽላ ሲደርስ የዙሪያው ገበሬዎች ሸዋ በር ገበያ ላይ «ውሻ ያላት አስተማሪ ቤቷ የት ነው?» እያሉ ያገኙኛል።

በዚያ ኅዳር የመጣው ኦቦ ዩሱፍ ነው። እርሻው ወደ ኤረር በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። እኔን «አዴ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ ኦቦ ደግሞ አቶ።

«አዴ፣ ሰባት ሆነው ይመጣሉ» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። «አንዱ ወላሂ ጥጃ ያክላል። የታችኛውን ጠርዝ እየበሉት ነው። ይህ ማሽላ ካለቀ ልጆቼ ክረምትን በምን ይሻገራሉ?»

ሦስተኛው ጓደኛችን ጎረቤቴ ጋሽ ጌታሁን ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ የሐረር ልጅ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የአባታቸውን ጦር ከአልጋቸው ራስጌ የማያነሱ፣ ምላሳቸው ከጦሩ የሚብስ ሰው። ከወረዳው ፈቃድ የሚያወጡልንም እሳቸው ናቸው። የከርከሮ ሥጋ እኛ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሙ ኦቦ ዩሱፍም አንበላውም፤ የሚወድቀው ለጅብ ነው። «እንዲህ ያለ ማኅበር አይገኝም» ይሉ ነበር ጋሽ ጌታሁን፤ «ክፍፍል የለ፣ ጠብ የለ።»

የጋሽ ጌታሁን ውሻ በዚያ ዓመት በእርጅና ሞቶ ነበር። የቀረን የኔው ነብሮ ብቻ ነው፤ የአራት ዓመት፣ ነጭና ቡኒ ዝንጉርጉር፣ እስከዚያ ቀን ከግቢ ጥበቃ ሌላ ሥራ የማያውቅ። በሦስት ሳምንት ሯጭ ላደርገው ተነሳሁ። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ በገመድ ይዤው ከከተማው በላይ ያለው ሐኪም ጋራ ላይ እንወጣለን። መጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ዳገቱን በሩጫ።

አሁን ያን የምዘለውን ልንገራችሁ። አባቴ ወቅቱ ሳይጀምር ውሾቹን አንድ በአንድ ጉልበቱ መሐል ያስገባቸው ነበር። ከንፈራቸውን ገልጦ ድዳቸውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጣቱን ሲያነሳ ቦታው ነጥቶ ይታያል። ያኔ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። ቃሉ ሳያልቅ ቅላቱ ከተመለሰ ውሻው ይሮጣል፤ ቃሉ ቀድሞ ካለቀ ውሻው ቤት ይከርማል። ከዚያ ጆሮውን ጎድናቸው ላይ ለጥፎ ልባቸውን ያዳምጣል፣ በጣቶቻቸው መሐል መዥገር ይፈልጋል፣ «ሲስል ሰምተሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። ለነብሮ ግን አላደረግኩለትም። ምክንያቱ ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራውን ውሻ እንዴት ታሟል ብዬ ልመርምረው?

ጾመ ነቢያት ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ጌታሁን ነብሮን አይተው ቆሙ።

«አስካለ፣ የዚህ ውሻ ጎድን ይቆጠራል። ሐኪም አሳዪው።»

«በየቀኑ ጋራ እየወጣ አይደል? ጡንቻ እያበጀ ነው።»

«ሐኪም ጋራ ማውጣት ሐኪም ማሳየት አይደለም።»

«በጾም ውሻ አይከሳም፣ ጋሽዬ። አባቴ ቤትማ በጾም ነበር የሚወፍሩት።»

በማግስቱ ነብሮ ዳገቱ መሐል ቁጭ አለ። አላለከለከም፤ አፉን ገጥሞ ዝም ብሎ አየኝ። «ተነስ፣ ሰነፍ» ብዬ ገመዱን ሳብኩት፤ ተነሳ። ውሻ እኮ አልችልም አይልም፤ ጌታው ካለው ይነሳል።

አደን የወጣነው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን፣ ከዚያ በእግር ቁልቁል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ቦቲ ጫማ አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ሽመል ይዣለሁ። ኦቦ ዩሱፍ እርሻው ጫፍ ላይ ጠበቀን። ለነብሮ ውኃ በዕቃው አልሰጠውም፤ መሬቱን ጫር አድርጎ ላስቲክ አነጠፈና ቀዳለት። የውሻ ምራቅ በእነሱ ዘንድ ነጃሳ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። በዚያ ሁሉ ዘመን ውሾቼን በጣቱ ነክቶ አያውቅም። ቅር ብሎኝም አያውቅም፤ እኔም የማልነካው አለኝ።

ዱካውን ጠርዙ ላይ አገኘነው። ከርከሮ ሲቆፍር በፊት ጉልበቶቹ ስለሚንበረከክ ከኮቴው አጠገብ ሁለት ለስላሳ ጎድጓዶች ይተዋል። አፈሩ እርጥብ ነበር፤ የተነቀለው አገዳ ገና አልጠወለገም።

«ይህስ ሲሰግድ ነው ያደረው፣ እንደ አስካለ» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በኋላው ነው፣ ጥርሱን ወደ ውጭ አድርጎ። ከገባ አደኑ አለቀ፤ ሳይደርስ ውሻው ዞሮ ሊያቆመው ይገባል። እንዲህ ተመዳደብን፦ ኦቦ ዩሱፍና ጎረቤቶቹ ከላይ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ጋሽ ጌታሁን ከጉድጓዱ በላይ አፋፉ ላይ ይቆማሉ፣ እኔና ነብሮ መሐል ላይ።

ቆርቆሮው ሲጮህ ማሽላው ተርገፈገፈ። ከርከሮዎቹ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ተከታትለው ወጡ፤ ትልቁ የመጨረሻው ነበር። ነብሮን ለቀቅኩት። እንዴት እንደሮጠ ብነግራችሁ ዛሬም እኮራለሁ። ከርከሮውን ከጉድጓዱ አቅጣጫ መልሶ ወደ ደረቁ ወንዝ አስገባው፤ እየጮኸ ተከተለው። እኔም ከኋላ።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።

ውሻ ሲወጋ ይጮኻል፣ ሲያሸንፍም ይጮኻል። ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ። በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወንዙ ውስጥ ወረድኩ። ነብሮ አሸዋው ላይ በጎኑ ወድቋል። ደም የለም፣ ቁስል የለም። ምላሱ አመድ መስሏል። ከርከሮው አሥር እርምጃ ላይ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ ቆሟል። ወንዙ በስተኋላው ዝግ ነው፤ መውጫው እኛ ያለንበት ብቻ ነው።

«አስካለ፣ ዞር በይ» አሉ ጋሽ ጌታሁን የወንዙ አፋፍ ላይ ደርሰው። «ብወረውር አንቺን ነው የሚያገኘው።»

አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነበር፦ ከርከሮ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጠብቀሽ አንድ እርምጃ ወደ ጎን። ቀላል ነው። ግን ከኋላዬ ነብሮ አለ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካልኩ ጥርሱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ጸለይኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። እጄ ግን ነጠላውን ፈታ። ሽመሉ ጫፍ ላይ ጠቀለልኩትና ከነብሮ አርቄ ወደ ግራዬ ዘረጋሁት፤ አራገብኩት።

መጣ። የሚያየው ነጩን ጨርቅ ነው። ጥርሱ ነጠላውን ሲተረትረው ሰማሁ፤ ትከሻው ጭኔን መታኝና ነብሮ ላይ ወደቅኩ። የጋሽ ጌታሁን ጦር አሸዋው ላይ ተተከለ። ከርከሮው የነጠላዬን ቁራጭ በጥርሱ ይዞ ጉድጓዱ ገባ። አደናችን ይኸው ነው።

ነብሮ ይተነፍሳል፣ ግን እንደ ትንሽ ወፍ። እስከ መንገዱ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ዳገት ነው። የኔ ጭን አልታዘዝ ብሏል፤ የጋሽ ጌታሁን ጉልበት እንኳን ውሻ ራሳቸውንም በግድ ነው የሚያወጣው። ኦቦ ዩሱፍ ከላይ ወርዶ አየን። ከትከሻው ፎጣውን አውርዶ አነጠፈ፣ ነብሮን አቅፎ አስተኛበት፣ አንገቱ ላይ ተሸከመው። የውሻው ምራቅ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁ።

«ኦቦ ዩሱፍ፣ ልብስህን» አልኩት።

«ልብስ ይታጠባል፣ አዴ። ነፍስ አይታጠብም። ነይ።»

ከተማው ውስጥ ያለችው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሀናን ነብሮን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። የመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ከንፈሩን ገልጣ ድዱን በአውራ ጣቷ ተጫነች። እኔም ሳላስበው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አልኩ። አለቀ። ደገምኩት። በሁለተኛው ማብቂያ ላይ ነው ቅላት ቢጤ ብቅ ያለው። አልቅሼ አላውቅም ሰው ፊት፤ ያን ቀን አለቀስኩ።

ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መሐል መዥገር ለቀመች። ዓይነ ምድሩን አስመርምራ ተመለሰች።

«ትልም አለው፤ ደም የሚመጠው ዓይነት። ከቆየ ነው። በዚህ ላይ ሩጫ ጀምሯል አሉኝ። ምን ይበላል?»

«እኔ የምበላውን።»

«እርስዎ አሁን ምን ይበላሉ?»

ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሽሮ ብቻ። ያኔ ነው የአባቴ ቤት የገባኝ። እዚያ በጾም ላሟ ትታለባለች፣ አዋቂ ሰው አይጠጣም፤ አሬራውም አጓቱም ለውሻ ነው። ውሾቹን ያወፈራቸው የኛ ጾም ሳይሆን የኛ ላም ነበረች። ሐረር ላይ ላም የለኝም። ደሙን ትልና መዥገር ሲጠጡት የሚተካበትን እኔ ከልክዬ፣ በባዶ ደም ጋራ አስወጣሁት።

መድኃኒቱን ሰጥታ «ሁለት ወር ሩጫ የለም፤ ጉበት ይብላ» አለችኝ። በጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ሌላ ነጠላ አጣፍቼ ሸዋ በር የሙስሊም ሥጋ ቤት ገባሁ፤ ከከርከሮው ይልቅ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ። ስወጣ የጽዋ ማኅበራችን ሴት አየችኝ።

«ጉበትሽ ከኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል» አሉኝ ጋሽ ጌታሁን በእሑዱ። «በጾም፣ ያውም ከእስላም ቤት። እኔ እንኳ ሁለቱን በአንድ ቀን ደፍሬ አላውቅም።»

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሥጋ ቤቱ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ጾም የታዘዘው ለአንቺ ነው። ውሻውን ማን አዘዘው? ልጄ፣ ጽድቅሽን በሌላ ፍጥረት ሆድ አትሥሪ» አሉኝ። ከዚያ ቃል የሚከብድ ቀኖና አልተሰጠኝም።

ነብሮ ዳነ። ኦቦ ዩሱፍና ጎረቤቶቹ እስኪያጭዱ ድረስ ተራ ገብተው ቆርቆሮ መቱ፤ ትልቁ ከርከሮ ግን የታችኛውን ጠርዝ ጨረሰው። በቀጣዩ ኅዳር ኦቦ ዩሱፍ ተመልሶ መጣ። ደጃፌ ላይ፣ እንደ ልማዱ ከነብሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ነብሮ ሥጋ መልሷል፣ ጸጉሩ ያበራል፣ ማንም ቢያየው ይሮጣል ይላል። ጉልበቴ መሐል አስገባሁትና ድዱን ተጫንኩ። ቃሉን ጀመርኩ። ቃሉ አለቀ፤ ቅላቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥቂት ነው የዘገየው፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ኦቦ ዩሱፍ ፊቴን እያየ ነበር። ያ ማሽላ የልጆቹ ክረምት እንደሆነ አውቃለሁ።

«ዘንድሮም አይሮጥም» አልኩት።

ፎጣውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እሺ፣ አዴ። ቆርቆሮ አለን» አለኝና ቁልቁል ወረደ።