ግራ ያጋባችን ቆጣሪ

አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቆጣሪ» ነው የሚላቸው። ፊት ለፊት ግን የሚደፍራቸው የለም፤ እኔም አልደፈርኩም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው። ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ቆጣሪ ፊት ይቀመጡና በመስታወቱ ውስጥ የምትዞረዋን ክብ ብረት ያያሉ። ቀስ ስትል ይመርቁኛል፤ ስትፈጥን «ማነው እሱ!» ብለው ይጮሃሉ። ግቢው ውስጥ ያለነው እኮ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

የኋላዋን ክፍል ሲያከራዩኝ «ውሃና መብራት ጨምሮ ነው ልጄ፤ እንደ ቤትሽ ሁኚ» ብለውኝ ነበር። ልብስ ሰፊ መሆኔንም ነግሬያቸዋለሁ። ካውያ አለሽ ወይ ብለው ካልጠየቁ ጥፋቱ የማን ነው? በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሙሽራ አጎት ሱሪ ስተኩስ እትዬ በሬን ሊገነጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ለሰላም ስል የከሰል ካውያ ገዛሁ። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው፣ አመዱ የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ረገፈብኝ፣ ቻልኩት። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ቤቴ ነበራ! ደንበኛ ጨርቁን ሰጥቶኝ ሲመለስ በሩን የሚከፍትለት ሌላ ሰው ነው። «ጨርቄን ይዛ ጠፋች» እየተባልኩ ስሜ ተበላሽቷል። ከዚህም ከወጣሁ ሥራዬ አበቃለት።

ቆጣሪዋ ግን አላረፈችም። አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ በሬ ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ ቤቴን ትለቂልኛለሽ።»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! ተደብቀሽ ትተኩሻለሽ። ብረቷ እኮ አብዳለች!»

ደሜ ፈላ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቆጣሪው ወሰድኳቸውና የክፍሌን ፊውዝ ነቀልኩ። ብረቷ ትሽከረከራለች። ሳሎናቸው ገብቼ ፍሪጃቸውን ነቀልኩ፣ ሬዲዮናቸውን ነቀልኩ፣ አምፖሉን ሁሉ አጠፋሁ። አሁንም ትሽከረከራለች።

«ሰይጣን ነው» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

የቀረው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለ የተዘጋ ክፍል ነበር። «የልጄ ነው፤ ማንም የለበትም» ብለው በሩን ተደገፉት። ገለል አደረግኳቸውና ገባሁ። አልጋው በንጹህ አንሶላ ተነጥፏል፤ ራስጌው ላይ የታጠፈ ፎጣ አለ። እዚያው ባለው ሻወር ቤት ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ቀይ መብራት ቦግ ብሏል።

«እሁድ እመጣለሁ ብሎኝ ነው» አሉ። «ሳይታጠብ እህል አይቀምስም፤ አበራሁለት።»

«የትኛው እሁድ?»

«አንቺ ከመግባትሽ በፊት የነበረው።» መቀነታቸውን ማፍተልተል ጀመሩ። «ላጥፋው እልና፣ ያጠፋሁ ቀን የሚመጣ ይመስለኛል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ያባርሩኛል?»

«ማንን ልቆጣ? እሱ ሩቅ ነው፤ አጠገቤ ያለሽው አንቺ።»

አሳዘኑኝ። ቢሆንም ማጥፊያውን ልጫን ብዬ እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«ቆዪ። አንቺ የምትታጠቢው በግቢው ቧንቧ ነው አይደል? በዚህ ብርድ?»

«ታዲያ በምን ልታጠብ?»

ፎጣውን ከአልጋው አንስተው፣ ትንሽ ይዘውት ቆዩና እጄ ላይ አኖሩት።

«ስትጨርሺ አንቺው አጥፊው» አሉኝና በሩን ሳብ አድርገው ወጡ።