ከጂዳ የመጣው ኪኒን

ሰብሪያ ከአዲስ አበባ ስትደርስ የወንድሟ የዑበይዳ ትኩሳት ወርዶ ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው ሰፈራችን እፎይ ብሏል። ቁርኣን የሚያስቀሩት አባቷ ሼህ ይማም ለሰደቃ ሰው ጠርተዋል፤ በጉም ግቢው ውስጥ ታስሯል። እሷ ብቻ ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የወንድሟ ድድ ይደማ እንደሆነ ታያለች።

ጎረቤት ስለሆንን ከልጅነቷ አውቃታለሁ። የአባቷ ተማሪዎች የእንጨት ሰሌዳቸውን ሲያጥቡ፣ ቀለም የያዘው ውኃ መሬት ውስጥ የሚሰርግበትን ቦታ ጎንበስ ብላ የምትፈልግ ልጅ ነበረች። አሁን አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ከቢምቢ የተወሰዱ ሕዋሳትን በጠርሙስ ታሳድጋለች፤ ቫይረስ እንዴት እንደሚገባባቸው መከታተል ነው ሥራዋ።

ዑበይዳ ባለፈው ሳምንት ከጂዳ በተመለሰ ማግስት ነው የታመመው። ወባ የለበትም ሲባል ሰብሪያ በስልክ፣ በቢምቢ የሚተላለፈው የዴንጊ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ከፓራሲታሞል በቀር ምንም እንዳይሰጡት አስጠንቅቃ ነበር።

«እማዬ፣ ሌላ ምን ዋጠ?» አለች።

ሰፈሩ እቴቴ የሚላቸው እናቷ የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው ሰጧት። እኛ ዘንድ ከዓረብ አገር የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ኪኒኑም እንደ ሽቶው ለጎረቤት ይታደላል፤ ከከተማው ፋርማሲ ይልቅ የሚታመነውም እሱ ነው፤ ከዑበይዳ ሻንጣም ለእኔ ደርሶኛል። በእቴቴ ፈንታ የመለሰው ለሰደቃው ከተጠሩት አንዱ፣ የሰፈራችን ሾፌር አህመዲን ነበር።

«የጂዳን ትኩሳት የሚያውቀው የጂዳ ኪኒን ነው ብለን ነዋ። ይኸው ተግባቡ።»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሪያ ማሸጊያውን አንብባ ወደ አባቷ ዞረች። ኪኒኑ ደም በቀላሉ እንዳይረጋ የሚያደርግ ማስታገሻ መሆኑን፣ በዚህ በሽታ ደግሞ አደጋው የሚብሰው ትኩሳቱ ሲወርድ መሆኑን ነገረቻቸው። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ አለች።

ሼህ ይማም የጠሩትን ሰው አዩ። ትኩሳቱ ከለቀቀው ምን ቀረ ሲሉ በዝግታ ጠየቋት።

«አባዬ፣ ቫይረሱ በር ሰብሮ አይገባም። ሕዋሱ ራሱ ምግብ መስሎት ይውጠዋል፤ በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ከረጢቱ ሲኮመጥጥ ቫይረሱ ፈልቅቆ ይወጣና ሥራውን ይጀምራል። ቢምቢዋ ተሸክማው ትኖራለች እንጂ አትታመምም። የእኔም ጠርሙሶች ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው። ሰው ግን እንደ ቢምቢ አይችለውም።»

ዑበይዳ ሆዱን ያዘ። ሰብሪያ አፉን የጠረገችበትን ጨርቅ ለአባቷ ዘረጋችላቸው፤ ደም ነክቶታል።

«አንሱት» አሉ ሼህ ይማም። «ዱዓውን መኪና ላይ እናደርሳለን።»

አህመዲን አይሱዙውን አስነሳ። በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ እስክንደርስ አንድም ጊዜ አልቀለደም። ሰብሪያ የወንድሟን ራስ ታፋዋ ላይ አድርጋ የእጁን ትርታ ስትከታተል፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጣቷ ይስትና እንደገና ትፈልጋለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ደም አስታወከው።

ተረፈ። ብንዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ጀምሮ ተወው።

እቴቴ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ቤታቸው አልገቡም። እኛ ዘንድ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። እሳቸው ግን በየቤቱ ዞሩ፤ የእኔንም በር አንኳኩ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ።

«ያን ኪኒን መልስልኝ» አሉ። «ሽቶውን ያዘው።»