ከፎቶሽ ሥር ሊጻፍ የነበረው

ጻፊ ልጄ። የቦርዱን ነገር ነው እማወራሽ። አንቺም ያለሽበት ነው፣ ከረሳሁ አስታውሽኝ። ቃሌን ግን እንዳትለውጭው።

ዓምና ነው፣ ክረምቱ እንደወጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማችን ለሐይቅ መፈክር ሊመርጥ ነው ተባለና ቄሱም ሸኹም፣ ሆቴል ያለውም ተጠራ። እኔን የጠሩኝ የሴቶቹ ቅሬ ዳኛ ስለሆንኩ ነው፤ ያው ሰው ሲሞት እምንረዳዳበት ማኅበር። መፈክር ሲሉኝ እኔ እማውቀው ድሮ በሰልፍ እጅ እያነሱ እሚጮኹትን ነው። «ኧረ እኔ ጉሮሮዬ አይችልም» ብላቸው ሳቁብኝ።

«እንደሱ አይደለም እናቴ» አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ፣ «ከደሴ ወደ ወልድያ እሚያልፈው ሰው አይቶት እዚህ እንዲወርድ ነው። በትልቅ ቦርድ አስፋልቱ ዳር እንተክለዋለን።»

እውነቱን ነው፤ መኪናው ሁሉ አቧራውን አልብሶን ነው እሚያልፍ።

ቤት መጥቼ ስነግርሽ አንቺ ቀድመሽ ታውቂ ኖሯል። ለዒድ ሐይቁ ዳር የተነሳሽው ፎቶ እነሱ ዘንድ ደርሶ «ቦርዱ ላይ እናውጣሽ» ብለውሻል። ደስታሽ! መሬት አልበቃሽም። «እማ፣ እናቴ ዓረብ አገር ሆና በስልክ ታየኛለች፤ ለጓደኞቿም እዩዋት፣ ልጄ ናት ትላቸዋለች» አልሽኝ።

«ከሥሩስ ምን ይጻፋል?»

«‹ኑ፣ የቆንጆዎቹን አገር እዩ› ነው እሚሉት።»

አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገርኩሽም። ልጄን፣ እናትሽን፣ ዓረብ አገር የላካት ደላላ ደጃችን ላይ ቆሞ መጀመሪያ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «እንዲህ ያለች ቆንጆ እዚህ ምን ትሠራለች?» ነው ያለ። ማሻ አላህ እንኳ አላለም። አንቺ ገና ጡት መተውሽ ነበር። ትደውላለች፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደኅና ናት። ግን ይኸው አንቺ ቁመቷን ስታልፊያት አላየችሽም።

የስብሰባው ቀን ፎቶሽን በትልቁ አውጥተው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሰዉ አጨበጨበ። ባለሆቴሉ ተነሳና «ይኸ ነው እንጂ! መንገደኛ ለሐይቅ ውሃ ብሎ መኪና አያቆምም፤ ለቆንጆ ግን ፍሬን ይረግጣል!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔንም ሳቄ አመለጠኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ከዚያ እጄን አነሳሁ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኳቸው። «ቦርድ እማነበው በሥዕሉ ነው። ጫማ ከተሳለበት ጫማ ይሸጣል። ጥርስ ከተሳለበት ጥርስ ይነቀላል። አሁን እናንተ የልጅ ልጄን ፊት ሰቅላችሁ ‹ኑ› ስትሉ፣ እንደኔ ያለው መንገደኛ ምን ይሸጣል ብሎ ይውረድ?»

«እትዬ፣ ዘመኑ ነው እኮ! ማስታወቂያ ነው!» አለ ባለሆቴሉ።

«እሷም ፈቅዳለች እናቴ» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ፣ ቀስ ብሎ። ክፉ ልጅ አይደለም።

«ለፎቶው ፈቅዳለች። ግን እንግዳው ወርዶ ‹ሐይቁ የታለ?› ቢላችሁ፣ ይኸውልህ ትሉታላችሁ። ‹ቆንጆዋ የታለች?› ቢላችሁስ? የማንን በር ልታሳዩት ነው?»

ያኔ ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ «እኔስ ሐይቁ ላይ ያለው ገዳም ይጻፍ ልል ነበር የመጣሁ» አሉ። «ግን ገዳሙ ሴት አያስገባ። ግማሹን እንግዳ ጠርተን ከበር ልንመልሰው ነው። ውሃው ይሻላል፤ ውሃው ማንንም አይመልስ።» ሰዉ ሳቀ፣ ክርክሩም ላላ። ብዙ ተባብለው ውሃው ተመረጠ። ባለሆቴሉ ሲወጣ እንኳ አልተሰናበተኝም። ኋላ ታረቅን።

አንቺ ግን አኮረፍሽኝ። ምግብ አቅርበሽ ዞር ትያለሽ። አንድ ቀን «ቆንጆ መሆኔን ጠልተሽው ነው» አልሽኝ። ያኔ ነው የደላላውን ነገር ያወጋሁሽ፣ ከደጃችን ጀምሬ እናትሽ መኪና ላይ እስከወጣችበት። ሰምተሽኝ ስታበቂ ጀሪካኑን አንስተሽ ወጣሽ።

ቦርዱ የተተከለ ጊዜ «ነይ እማ፣ እንየው» ብለሽ ይዘሽኝ ሄድሽ። ውሃው አለ፣ ታንኳ አለ። ሰው የለበትም።

«ምን ይላል?»

«‹ሐይቅን ሳያዩ አይለፉ።›»

ልክ አንብበሽልኝ ስትጨርሺ አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ እልም አለ። «ይኸውና አለፈ!» ብለሽ ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። ካኮረፍሽኝ ወዲህ ያኔ ነው የሳቅሽልኝ። ከዚያ አንዱን የባጃጅ ልጅ «አንሳን» ብለሽ ስልክሽን ሰጠሽው፤ እኔን ጎትተሽ ቦርዱ ሥር አቆምሽኝና ነጠላዬን አስተካከልሽልኝ። እዚያው ሆነሽ ለእናትሽ ላክሽላት።

ቤት ሳንደርስ መልሷ በድምፅ መጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሽልኝ።

«ማሻ አላህ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ «ቦርዱ የቱ ጋ ነው የተተከለው?» አለች። «በደንብ ንገሩኝ። ስመጣ ሾፌሩን እዚያ ጋ አቁምልኝ እለዋለሁ።»