የሴቶች መርፌ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም። አባቴ «አንቺ ስትወለጂም ተቻኩለሽ ነው የመጣሽው» ይለኛል። ለማስተርስ መመረቂያዬ የመረጥኩት ደግሞ ጠባቂ ፍጥረት ሆነብኝ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ቁስል እስኪያገኝ አፈር ውስጥ ዓመታት የሚተኛው።

ያን በጋ ከአምቦ እስከ እጃጂ አፈር ስለቅም ከረምኩ። ከበረት፣ ከጓሮ፣ ከከብት ገበያ። ብልቃጦቼን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ተሳፋሪው «መሬት በጥቂት በጥቂቱ እየገዛሽ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

እጃጂ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አፈር ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። ስንጥር አንስቼ መሬት ላይ እየሳልኩ አስረዳኋቸው። ባክቴሪያው ቁስል ውስጥ ገብቶ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በነርቭ ሽቅብ ወጥቶ አከርካሪ ውስጥ ይደርሳል። እዚያ ጡንቻን «ላላ» የሚሉ ነርቮች አሉ፤ እነሱን ነው ዝም የሚያሰኛቸው። «ጥበቅ» የሚሉት ብቻ ይቀራሉ፤ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ጀርባ ይገተራል። አንዴ ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ ደግሞ የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ሽማግሌው ደነገጡ። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ከነልጆቻቸው የመከላከያውን ክትባት ተወግተው ጠበቁኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ይህን በኩራት አወራሁለት።

አባቴ ባለ ጋሪ ነው። የመጨረሻውን ናሙና ከገዛ ጓሯችን፣ ከፈረሱ ጋጥ ልወስድ ስል ዶማውን ከእጄ ነጠቀኝ። «አንቺ መቆፈር የት ታውቂያለሽ!» ቆፈረልኝ፤ በእጁ እየዛቀም ብልቃጤን ሞላልኝ። በሦስተኛው ቀን መዳፉ ላይ የታሰረ ጨርቅ አየሁ። አፈሩ ውስጥ የነበረ የዛገ ቆርቆሮ ቆርጦት ኖሯል፤ እንዳልጨነቅ ብሎ ደብቆኝ ነው።

«አባዬ፣ ተነስ፣ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተወጋ።»

«የምን መርፌ?»

«የመንጋጋ ቆልፍ።»

ሳቀብኝ። «እሱ የሴቶች መርፌ አይደል እንዴ? እናትሽ አንቺን አርግዛ የተወጋችው! እኔ ምን ልወልድ ነው?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ለዚያ መርፌ የምንጠራው ሴቶቹ ነን፤ እኔም ተወግቼ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ጋሪ ነጂ ወንድን ማን ጠርቶት ያውቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ ጎትቼ ልወስደው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «እሺ በቃ፣ ነገ» አልኩት፤ ነገም «ነገ» አልኩት። ለገበሬው የሳልኩትን ለእሱ አልሳልኩለትም። ለምን እንደሆነ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ጉድጓዱ የእኔ ነበር። ነገሩን ብዘረዝርለት «ያቆሰልኩህ እኔ ነኝ» ማለት ሆነብኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! ይነቅዛል።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አላርፍ አለ። ላብራቶሪ ገብቼ ጋዋኔን ሳልቆልፍ ወጥቼ ቤት እደውላለሁ። «ምነው?» ይለኛል፤ «ምንም» እለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የገብስ ቆሎ በሰሃን አቀርብለትና መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ጥርሱን አዳምጣለሁ። ቆርጠም፣ ቆርጠም። እሰይ! ብዬ እወጣለሁ፤ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ልቤ እንደገና ይሰቀላል። እሱ ለጎረቤት «ይቺ ልጅ ጥርሴን ልትጨርሰው ነው» እያለ ይቀልዳል።

በዘጠነኛው ቀን ድምፅ አልነበረም። መጋረጃውን ገለጥኩት። ጭብጥ ቆሎ ይዞ ያየዋል።

«የዛሬው ደንድኗል» አለኝ፣ ጥርሱን ሳያላቅቅ። እኔው ነኝ የቆላሁት፤ አልደነደነም ነበር።

ሆስፒታል ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አስተኙት። ገና ነርቭ ውስጥ ያልገባውን መርዝ የሚይዝ ሴረም ሰጡት፤ የገባውን መጠበቅ ነው አሉ። በር ሲንኳኳ ጀርባው ይገተራል፤ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይገተራል። ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ «ታማሚው አእምሮውን አይስትም» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዓይኑ ከዓይኔ ሲገጥም ነው። ሁሉንም እያወቀው ነበር። እኔ፣ ቁጭ ማለት የማልችለው፣ ጣቴን ሳላነቃንቅ ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ። መርዝ የነካው የነርቭ ጫፍ ቶሎ አያገግምም፤ ነርቩ አዲስ ጫፍ እስኪያበቅል ይጠበቃል። አብቅል፣ በእናትህ አብቅል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

ከሳምንታት በኋላ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ወጣ። ሐኪሙ «አሁን ክትባቱን ይወጋሉ» ሲለው አባቴ ተቆጣ። «ታምሜ ድኜ?» በዚህ በሽታ ታሞ መዳን ግን ለሌላ ጊዜ አይከላከልም። ሰውን የሚጥለው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውነት ጠላቱን ሳይለየው ይቀራል።

እናም ጤና ጣቢያ ሄደን ከነፍሰ ጡሮቹ ኋላ ተሰለፍን። ከፊታችን ያለችው ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባባ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ፤ መንጋጋው ገና በቅጡ አይከፈትም ነበር። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞረ።

«ለእጃጂው ሰውዬ መሬት ላይ ስዬ አስረዳሁት አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ለእኔስ?»

«ፈርቼ ነው አባዬ። የቆፈርከው ለእኔ ብለህ ነው።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ከመሬት ስንጥር አነሳና እጄ ላይ አኖረልኝ።

«በይ» አለኝ፣ «ተራችን እስኪደርስ ለእኔም ሳዪልኝ።»