ብርሃኑ ዞረ

ኢንጂነሩን ገና ከመኪና ሲወርድ አልወደድኩትም። እሱም እኔን አልወደደኝም፤ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

የፋይበር መስመር የሚፈትሽ ድርጅት መተማ ያለውን የሰሊጥ መጋዘኔን አንድ ጥግ ተከራይቶ ነው ከአዲስ አበባ የላከው። ጠረጴዛ እንድሰጠው ሲጠይቀኝ፣ ያከራየሁት ጥግ እንጂ ጠረጴዛ አይደለም አልኩት። ሰሌዳ ላይ የደረደረውን ዕቃ የሰሊጥ ጆንያዎቼ ክምር ላይ ዘረጋው።

ከሣጥኖቹ አንዱን ማጉያ ይለዋል። እኛ ዘንድ ማጉያ የሠርግ ነውና ጫኞቹ ዘፈኑ የታለ ብለው አሾፉበት። ይሄ የሚያጎላው ብርሃን ነው አለ ፊቱን ቋጥሮ። ከጎኑ ቀጭን የመስታወት ክር የተጠመጠመባቸው ሦስት ትንንሽ መዘውሮች አሉ። ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል፤ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ በነዚህ እያዞረ ያስተካክላል። አቅጣጫው ከዞረ፣ ማጉያው የፈለገውን ያህል ቢያጎላው መጨረሻ ላይ ያለው መሣሪያ አይቀበለውም።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ከሱዳን የሚገባውን የፀሐይ መነጽር ዋናውን ከአስመሳዩ የምለየው ስልክ ላይ ደቅኜ በማዞር ነው፤ ዋናው ከሆነ ስክሪኑ ይጠቁራል። እንደዚህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«በግምት» አለኝ። ያቺ «በግምት» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው መዘውር ማዞር ብቻ ሆነ። አስተካክሎ እጁን ሲያነሳ መልሶ ይጠፋበታል። «ብርሃኑ ዞረ» ይላል። ጫኞቹም ብርሃኑ ሳይሆን የሱ ራስ ነው የዞረው፣ ቆላ ያልለመደ ሰው እንዲህ ያደርገዋል ይባባላሉ፤ ሆን ብለው ጮክ ብለው። በሙቀቱ አሳበበ፣ በጫኞቹ እርምጃ አሳበበ፣ በመጨረሻ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በእኔ። ነካክተኸዋል አለኝ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ።

ሰሊጡን የሚጭነው መኪናዬ የመጣው በዚያው ቀን ረፋድ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ስለሚያሰጋ ብቻውን የሚሄድ መኪና የለም፤ ኮኪት ከተማ ላይ ተሰብስቦ ከአጃቢ ጋር ነው የሚነሳው። ያመለጠው የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አያውቅም፣ የእኔ ገዢ ደግሞ ሌላ ሰሊጥ ለመፈለግ ሰበብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ጫኞቹ ዳር ዳሩን ጨርሰው የሱ ዕቃ ያለበት ክምር ላይ ሲደርሱ፣ ኢንጂነሩ ክምሩ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አንድ ጆንያ ከተነካ የሦስት ቀን ሥራዬ ገደል ገባ።»

«አጃቢው ከሄደ ደግሞ የዓመት ሥራዬ። ሰሊጤ ላይ ነው የቆምከው፣ ውረድ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰሌዳውን በአንድ ወገን ያዝኩ፤ እንዳልጥለው ፈርቶ ነው መሰል እሱ በሌላው ወገን ያዘ። ዓይን ለዓይን እየተገላመጥን፣ እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብለን ሲሚንቶው ላይ አወረድነው። ብርሃኑ እንደሆነ ዞሯል። ጆንያው ተጫነ፣ መኪናው ኮኪት ደርሶ አጃቢውን ያዘ።

ከሰዓት ተመልሼ ስገባ፣ ባዶው መጋዘን ውስጥ መሬት ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል። መዘውሩን አስተካክሎ እጁን አነሳ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ቆየ፣ አሁንም እዚያው ነው።

«ጆንያው ነው» አለ ዞር ሳይል። «ሰሊጡ ጆንያው ውስጥ እየሰረገ ሰሌዳውን ሲያንቀሳቅሰው ክሩ ይጣመም ነበር።»

አመሰግናለሁ ይላል ብዬ ቆምኩ። ሥራውን እስኪጨርስ ሌላ ጆንያ እንዳላስገባ ነገረኝ።

«ይሄ መጋዘን ነው» አልኩትና አዲስ የገባ ማሽላ ሊያራግፉ ለመጡት ጫኞች በሩን ከፈትኩላቸው። የሱን ጥግ ግን አልነኩበትም፤ የተከራየው እሷን ነው።