አንድ ስልክ፣ ሁለት ተማሪ

“እማዬ፣ ይሄኛውን አይቼው አላውቅም” አለችኝ ልጄ ዛሬ፣ የጃፓንኛ ፈተናዋ ሳምንት ሲቀረው። “መድኃኒት” የሚለው የጃፓንኛ ፊደል ነበር።

ጃፓን ሄዳ አረጋውያን ልትንከባከብ ነው። ካንጂ የሚሉትን ፊደላቸውን የምታጠናው እኔ ስልክ ላይ በጫነችው ነፃ አፕ ነው።

ልጄ ቆቃ ሄዳ ሥራ ውላ እስክትመለስ እኔም እየነካካሁ ለመድኩት። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል መቁጠር፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ለካስ አፑ እኔ በትክክል የመለስኩትን ሁሉ እሷ ያወቀችው እየመሰለው ከጥናቷ እየቀነሰባት ኖሯል።

“በቃ አንቺው ሄደሽ ተፈተኚልኛ” ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል።

ያወቅኩትን መርሳት ቢቻል ዛሬውኑ በረሳሁላት።

አሁን ያመለጧትን እየፈለግኩ እየጠየቅኳት ነው። በአንድ ስልክ ከልጃችሁ ጋር ያጠናችሁ፣ እንዲህ ሲደባለቅባችሁ ምን አደረጋችሁ?